ክብ ጀበና እስኪሆን



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ኮምፒዩተር ላይ አንድ ክብ እንስላለን። በአንድ ወጥ ቀለም ብንሞላው ሳንቲም ይመስላል። በዚያው ክብ ውስጥ ብርሃንና ጥላን በሥርዓቱ ስናደላድል ግን ኳስ ይሆናል፤ እጃችን ሊይዘው ይከጅላል። መስመሩ አልተለወጠም፣ ስፋቱም አልጨመረም። ጠፍጣፋው መስታወት ላይ ጥልቀት የተወለደው ከቀለም አደላደል ብቻ ነው። ይህን አደላደል ያወቀ ሰው ከክብ፣ ከአራት ማዕዘንና ከሦስት ማዕዘን ተነሥቶ የፈለገውን ዕቃ ያወጣል። ያላወቀ ሰው በዓለም ላይ አለ የተባለውን ሶፍትዌር ቢጭን እንኳ ሥራው ሕይወት አይኖረውም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ይህ ችሎታ በሶፍትዌሩ የኢፌክት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ዕቃን በብርሃን ውስጥ አስተውሎ ከማየት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ደግሞ አሁን ከተቀመጥንበት ከመርካቶ የተሻለ ቦታ በአገራችን አላውቅም። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዕቃ በየወገኑ እየተለየ በየተራው ተቀምጧል። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያልን ስንጠራቸው የንግድ መስመር ብቻ ይመስሉናል። ለሰዓሊ ግን እያንዳንዱ ተራ አንድ የቅርጽ ወይም የገጽታ ትምህርት ነው። አንድ መቶ ድስት ባንድ ላይ ተደርድሮ፣ ያው ብርሃን መቶ ጊዜ ሲያርፍበት ማየት የሚቻልበት ክፍል የትኛው የሥዕል ትምህርት ቤት አለው?

ይህን የምለው የሚያሳዝነኝ ነገር ስላለ ነው። በከተማችን የቡና ማሸጊያዎችንና የካፌ ታፔላዎችን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ ያለው ሲኒ ጆሮ ያለው የውጭ አገር ኩባያ ነው። የእኛ ሲኒ ጆሮ የለውም፤ አፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ያለ ትንሽ ዕቃ ነው። ጀበናም ከተሳለ ወይ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፣ ወይም በማይታወቅ ብርሃን የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከግራም ከቀኝም ከታችም በርቶበታል። ነዳፊዎቻችን ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ሥዕል አውርዶ ስም መለጠፍ ይቀላል። የሌላ አገር ሰው የራሱን ዕቃ በራሱ ብርሃን አይቶ ሳለው፤ እኛ ውጤቱን ወሰድን፣ ማየቱን ግን አልወሰድንም።

እስቲ ስለ ማየት ትንሽ እናውራ። ስልካችሁን አውጡና ግራጫ መደብ ላይ ክብ ሳሉ። ክቡን ከላይ ነጭ ሆኖ ወደ ታች እየጠቆረ በሚሄድ ግራዲየንት፣ ማለትም በቀለም ሽግግር፣ ሙሉት። አብጦ የወጣ ነገር ታያላችሁ። አሁን ሥዕሉን ወደ ታች ገልብጡት። ያው ክብ ጉድጓድ ሆነ። በትውልድ ሕንዳዊው የአእምሮ ተመራማሪ ራማቻንድራን እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን በብዙ ክቦች ደርድሮ አሳይቷል። አእምሯችን ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ ይመጣል ብሎ ይገምታል፤ ይህንንም ሳይጠይቀን ይወስናል። ሰው በኖረበት ዘመን ሁሉ ፀሐይ ከላይ ስለበራች ነው። ስለዚህ ነዳፊ የመጀመሪያው ሥራው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መወሰን ነው። በወረቀት ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ሳሉ፤ ለምሳሌ ከላይ ከግራ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሥዕል ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ለዚያች ቀስት ይገዛል። ግማሹ ዕቃ ከግራ፣ ግማሹ ከቀኝ ከበራ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አያምነውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብርሃኑ በምን ያህል ፍጥነት ወደ ጥላ ይለወጣል የሚለው ነው። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም እላለሁ።

ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ ብርሃን ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሕግ አስቀመጠ። ደብዛዛ ገጽ፣ ማለትም እንደ ሸክላ ወይም እንደ ኖራ የማያብረቀርቅ ገጽ፣ የሚያገኘው ብርሃን ከብርሃኑ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ይወሰናል። በቀጥታ ወደ ብርሃኑ የዞረው ገጽ 100 ቢያገኝ፣ 30 ዲግሪ ያዘነበለው 87 ግድም ያገኛል። 60 ዲግሪ ያዘነበለው 50 ያገኛል። 80 ዲግሪ ላይ ሲደርስ 17 ብቻ ይቀረዋል፤ 90 ላይ ባዶ ይሆናል። ቁጥሮቹን አስተውሉ። መጀመሪያ ላይ ለውጡ ዝግ ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ይቸኩላል።

አሁን ወደ ፕሮግራማችሁ ተመለሱ። ክብ ስላችሁ የተለመደውን ክብ ግራዲየንት ብትሰጡት፣ ሶፍትዌሩ ከመሃል እስከ ጠርዝ ቀለሙን እኩል እየቀነሰ ይሄዳል። ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት ግማሽ ላይ ብርሃኑ 50 ይሆናል። ከፊት ለፊቱ ብርሃን የበራበት እውነተኛ የሸክላ ኳስ ግን በዚያው ግማሽ መንገድ ላይ ገና 87 አለው። ከአሥሩ ስምንተኛው ላይ እንኳ 60 አለው፤ የተለመደው ግራዲየንት ግን እዚያ ቦታ ላይ 20 ደርሷል። ኮምፒዩተር ላይ የምንስለው ኳስ መሃሉ ላይ አምፖል የበራበት ሳህን የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በግራዲየንቱ መስመር ላይ መሃከለኛ ነጥቦች ጨምሩ፤ ብርሃኑ ረጅም መንገድ ይሂድ፣ ጨለማው ወደ ጠርዝ ይሰብሰብ። ማዕከሉንም ቀስታችሁ ወዳለበት ወደ ላይ ወደ ግራ ሳቡት። በዚህች ለውጥ ብቻ ሳህኑ ይነፋል።

ይህን ስሌት በኮምፒዩተር ላይ ካሳደጉት ሰዎች መካከል በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ይገኙበታል። አንሪ ጉሮ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ከትንንሽ ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች የተሠራ ገጽ ቁርጥራጩ ሳይታወቅ ለስልሶ እንዲታይ ቀለሙን ከጥግ ወደ ጥግ የሚያዋሕድበትን መንገድ አሳየ። ለሙከራው የተጠቀመው የባለቤቱን ፊት ነበር። ቡይ ቱዎንግ ፎንግ የተባለ ቬትናማዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የብልጭታውን ነገር ፈታው። በእርሱ ቀመር ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች፤ ቁጥሯ ትንሽ ከሆነች ብልጭታው ሰፊና ደብዛዛ ይሆናል፣ ትልቅ ከሆነች ጠባብና ስለታም ይሆናል። ሸክላና ሸክላ ያልሆነ ነገር የሚለዩት በዚህች ቁጥር ነው። ፎንግ እ.ኤ.አ. በ1975 በ32 ዓመቱ አረፈ፤ ዛሬም በዓለም ላይ ባለ ሦስት አውታረ መጠን ሥዕል የሚሠራ ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራል።

በዚያው ዓመት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ኒዌል የተባለ ተመራማሪ ለሙከራ የሚሆን ዕቃ ፈለገ። ባለቤቱ የቤታቸውን የሻይ ጀበና ለምን አትስለውም አለችው። ከሱቅ የተገዛ፣ ሜሊታ የተባለ የጀርመን ኩባንያ የሠራው ተራ ነጭ የሻይ ዕቃ ነበር። ኒዌል መስመሩን በወረቀት ላይ ነድፎ ወደ ኮምፒዩተር አስገባው፤ ልኬቱንም ለሌሎች ተመራማሪዎች አካፈለ። ከዚያ ወዲህ ያ የሻይ ጀበና የኮምፒዩተር ሥዕል መሞከሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዋናው ዕቃ ዛሬ በካሊፎርኒያ በኮምፒዩተር ታሪክ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ለምን ተመረጠ? ሆዱ ክብ ነው፤ ጆሮው ውስጡ ክፍት ነው፤ ጡቱ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ጥላ ይጥላል። ባንድ ዕቃ ላይ የብርሃን ችግር ሁሉ ተሰብስቧል።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የእኛ ጀበና ይታየኛል። ሆዱ ኳስ ነው። አንገቱ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ ነው። ጡቱ ከሆዱ ትከሻ ላይ የወጣ አጭር ዘንበል ያለ ቱቦ ነው። ጆሮው ከአንገት ተነሥቶ ሆድ ላይ የሚያርፍ ቅስት ነው። ሥሩ ክብ ስለሆነ ማቶት ላይ ይቀመጣል። ከዩታው የሻይ ዕቃ የሚያንስበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ረጅሙ አንገቱ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ ቅርጾቹን ብቻ አስቀምጡ፤ አንድ ክብ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ረጅም አራት ማዕዘን፣ ለጡቱ ትንሽ ዘንበል ያለ አራት ማዕዘን፣ ለጆሮው ወፍራም ቅስት። ሁሉንም በአንድ ወጥ ጥቁር ቡናማ ሙሉ። እዚህ ላይ ያለው ነገር ምልክት ነው እንጂ ገና ዕቃ አይደለም። ሆዱን አሁን ባየነው መንገድ ሙሉት። አንገቱ ቱቦ ስለሆነ የሚያስፈልገው ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀጥተኛ ግራዲየንት ነው። ብሩህ ቦታው ከግራው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ይጀምራል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ይጠቁራል፤ በጣም የጠቆረው ቦታ ግን የቀኙ ጠርዝ ላይ አይደለም። ከጠርዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ጠርዙ ራሱ በጥቂቱ መልሶ ይፈካል። ይህ ከአካባቢው ዕቃ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን ነው። የጀበናውም ሆድ ከሥሩ ካለው ከረከቦቱ ወይም ከቄጠማው መልሶ ብርሃን ያገኛል፤ ቄጠማ ላይ ከሆነ በጣም ደካማ የአረንጓዴ ፍንጭ ይታይበታል። ይህን መልስ ብርሃን የረሳ ሥዕል ክብነቱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ያበዛው ደግሞ ቀደም ብዬ የወቀስሁትን ከየአቅጣጫው የበራ ዕቃ ያመጣል።

ዋናው ፈተና አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ጀማሪ ሁለቱን ቅርጾች ደርቦ ይተዋቸዋል፤ ኳስ ላይ የተተከለ ቱቦ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ ግን እዚያ ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ ጭቃውን አዋሕዳዋለች፤ በእውነተኛው ጀበና ላይ መገናኛ መስመር የለም። እኛም ያንኑ በቀለም ማድረግ አለብን። የአንገቱ ብሩህ መስመር ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋና የሆዱን ብሩህ ቦታ ይቀበላል፤ የአንገቱ ጥላ እየጎበጠ ወደ ሆዱ ጥላ ይገባል። በፎቶሾፕ ወይም በክሪታ የምትሠሩ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽና በማስክ ይሆናል። በቬክተር የምትሠሩ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ብሌንድ ነው፤ አንድ ትልቅ ጥቁር ቅርጽና አንድ ትንሽ ብሩህ ቅርጽ ትሰጡትና ሶፍትዌሩ በመካከላቸው ብዙ ቅርጾችን እየሠራ ያሸጋግራቸዋል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1998 በኢሉስትሬተር 8 የመጣው ግራዲየንት ሜሽ ነው፤ ቅርጹ ላይ መረብ ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ የራሱን ቀለም ይይዛል። ሜሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለጀማሪ ምክሬ በትንሽ ቋጠሮ ጀምሩ ነው፤ መረቡ በበዛ ቁጥር ገጹ ይጨማደዳል።

ከዚያ ጥላው ይመጣል፤ ጆሮው በሆዱ ላይ፣ ጀበናው በሙሉ በተቀመጠበት ነገር ላይ የሚጥሉት ጥላ። አሁን ብዙ የመርካቶ ነጋዴ ዕቃውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣል። የዕቃው ፎቶ መደቡ ተቆርጦ ነጭ ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ጥላ ስለሌለው አየር ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ ደግሞ ከሥሩ አንድ የደበዘዘ ሞላላ ጥቁር ይጨምርበታል። እውነተኛ ጥላ ከዕቃው ጋር በሚነካካበት ቦታ ጥቁርና ስለታም ነው፤ ሲርቅ እየሳሳ፣ ጠርዙም እየደበዘዘ ይሄዳል። ለዚህም ምክንያት አለው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ ከ1 ሜትር ርቀት የወደቀ ጥላ ጠርዙ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ድብዘዛ ይኖረዋል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር የወደቀው ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ሁለት ጥላ በሁለት ሌየር ሥሩ፤ አንዱ ጠባብና ጥቁር ከሥሩ፣ ሌላው ሰፊና ብዥ ያለ ከእርሱ ውጭ።

የአዲስ አበባ ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው፤ ይህንንም ልብ በሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በጠራ ቀን ፀሐዩ ብርቱ፣ ጥላው ጥቁር ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምንገኝም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ግድም፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ዕቃ ጥላውን ከሥሩ ደብቆ ይይዛል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን። በሰሜኑ ዓለም የተዘጋጀ ሥዕል ውስጥ ያለው ረጅም የቀትር ጥላ የእኛ አይደለም። የእኛን ብርሃን የሚያውቅ ነዳፊ ሰዓቱንና ወቅቱን በጥላ ብቻ ሊነግረን ይችላል። በገበያው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ላስቲክ የተዘረጋበት መደብ ሥር ያለ ነጭ ዕቃ ነጭ አይደለም፤ የላስቲኩን ቀለም ይጠጣል።

ስለ ገጽታ በአጭሩ ልናገር። ቆርቆሮ ከሁሉ የቀለለ ትምህርት ነው፤ የአንድ ቱቦ ግራዲየንት ጎን ለጎን ሲደጋገም ማለት ነው። የአሉሚኒየም ድስት ግን በለስላሳ ሽግግር አይገኝም። ብረት አካባቢውን ይደግማል፤ ከነጩ አጠገብ ድንገት ጥቁር መስመር፣ ከጥቁሩ አጠገብ ድንገት ግራጫ ይመጣል። የድስትን ግራዲየንት ለጀበና የሰጠ ሰው ጀበናውን ብረት አደረገው። የበርበሬ ክምር ምንም ብልጭታ የለውም፤ ሾጣጣ ነው፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ በጥላው ውስጥ እንኳ ቀይ ሆኖ ይቆያል። ሲኒ ላይ ደግሞ ብልጭታው የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ በዚያች አንድ ነጭ ነጥብ ዕቃው ሸክላ መሆኑ ይቀርና ይፈካል።

መሶብን ግን ለብቻው አየዋለሁ። ክዳኑ ሾጣጣ፣ ማዕዱ አጭር ቱቦ፣ እግሩ የተገለበጠ ሾጣጣ ነው፤ ሦስት ቅርጾች ብቻ። ችግሩ ስፌቱ ነው። አለላው የሠራው ጌጥ ገጹን ተከትሎ ይዞራል፤ መሃል ላይ ያለው ቅርጽ ሰፊ ሆኖ ይታያል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይጠባል። ጌጡን ጠፍጣፋ አድርጎ ከላዩ የለጠፈ ሰው ጥላውን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያስገባ መሶቡ ወረቀት ይሆንበታል። ጌጡ ቅርጹን ሲከተል ግን ጥላ ሳይጨመርበት ግማሹ ክብነት ይገኛል። ይህን የሚያውቁት ስፌት የሚሰፉ እናቶቻችን ናቸው፤ እነርሱ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የባነር ሠራተኞች ሁለት ነገር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ። ጥላን በጥቁር አትሥሩ። በመልቲፕላይ ሌየር ሥሩት፤ ኮምፒዩተሩ የላይኛውን ቀለም ከታችኛው ጋር ያባዛዋል። 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት ልኬት 128 በ128 ላይ ሲያርፍ 64 ይሆናል፤ የሥሩ ቀለም አይጠፋም፣ ይጠልቃል እንጂ። ጥላውንም ወደ ሰማያዊ ጠጋ ያለ አድርጉት፤ ደጅ ላይ ጥላን የሚያበራው ሰማይ ነው። ሲታተም ደግሞ አራቱም ቀለሞች በአንድ ቦታ ሙሉ በሙሉ ከፈሰሱ 400 በመቶ ቀለም ይሆናል፤ ያን ያህል ቀለም ጥላውን ጭቃ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መደቡ ላይ የሚታየው መስመር መስመር ነገር ነው። 3 ሜትር ባነር አስቡ፤ መደቡ ከ100 ወደ 120 ቀስ ብሎ ይፈካል። በመካከል ያለው ደረጃ 20 ብቻ ነው። 3 ሜትር ለ20 ሲካፈል እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ዓይን ይህን ያያል። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ነዳፊው አያስተውለውም፤ መንገድ ላይ ሲሰቀል ይወጣል። ጥቂት ኖይዝ ጨምሩበት፣ ወይም በቀለሞቹ መካከል ያለውን ርቀት አስፉ። ማተሚያው ተበላሽቷል ብሎ ከባለማሽኑ ጋር መጣላት አያስፈልግም።

እነዚህ ነገሮች ሁሉ ከውጭ የመጡ አዲስ ጥበቦች እንዳይመስሏችሁ እፈልጋለሁ። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1730 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ የጎንደር ሠዓሊዎች የቅዱሳንን ፊት በጠቆረ ቀለም እያለሰለሱ ማጉበጥ ጀምረው ነበር። ጉንጭ ይሞላል፣ አንገት ይዞራል። መደቡንም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ እያሸጋገሩ ይቀቡት ነበር፤ ዛሬ ግራዲየንት የምንለውን በብሩሽ ሠርተውታል። እቴጌዪቱ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጠፍጣፋ ሥዕል ጉድለት ነበረበት ማለቴ አይደለም። መስመሩና ወጥ ቀለሙ ለጸሎት የሚሆን ግልጽነት ነበረው። ጥላ አስፈላጊ የሚሆነው ዕቃውን እንዳለ ማሳየት ስንፈልግ ነው፤ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። በዘመናችን ደግሞ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያ ቤት የተማረ ሰው ከቀለም በፊት በእርሳስ ብርሃንና ጥላን መለየት ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቀዋል። ያ ትምህርት ለማውስም ይሠራል፤ እርሳስ ያልያዘ እጅ ማውሱም ይከብደዋል።

ከመርካቶ ዕቃ ታላቅ ሥራ ሊወጣ እንደሚችል ደግሞ የሥነ ጥበብ ባለሙያው ኤልያስ ስሜ አሳይቷል። ከዚሁ ገበያ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችና የኪቦርድ ቁልፎችን እየሰበሰበ፣ ሽቦውን ጎንጉኖ እንጨት ላይ እየለጠፈ ግዙፍ ሥራዎችን ሠርቷል። ራቅ ብላችሁ ስታዩዋቸው ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ወይም ተራራ ይመስላሉ። ቀለም አልተቀባም፤ የሽቦው የራሱ ቀለም እየተሸጋገረ ሸለቆውንና ኮረብታውን ያወጣል። እኛ በፒክስል የምንሠራውን እርሱ በሽቦ ሠራው። ሥራዎቹ በአሜሪካ በሚገኙ ቤተ መዘክሮች ታይተዋል። ይህ ሰው የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ ጥሬ ዕቃውም እናንተ በየቀኑ የምትረግጡት ነው።

አሁን ወደምለምናችሁ ነገር ልምጣ። መሣሪያ የለንም የሚል ምክንያት አይቀርብ። ኢንክስኬፕ፣ ክሪታና ጂምፕ በነጻ ይገኛሉ። ባለ ሦስት አውታረ መጠን ዕቃ ለመሥራት ብሌንደር አለ። ብሌንደር ለሁሉም ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ወዳጆቹ በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ከባለዕዳ ኩባንያ እጅ አወጡት። ኮምፒዩተሩ ደካማ ለሆነበትም ዛሬ ያሳየኋችሁ ሁሉ በጥቂት ቅርጾችና ግራዲየንቶች ይሠራል፤ ስልክም ይበቃዋል።

የጎደለን የራሳችን ዕቃ በራሳችን ብርሃን ተስሎ በአንድ ቦታ መገኘቱ ነው። ኒዌል የሻይ ዕቃውን ልኬት ለራሱ ይዞ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ ነዳፊዎች እያንዳንዳችሁ ከገበያው አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ መሶብ፣ እንስራ፣ ሙቀጫ፣ አክንባሎ፣ የፈለጋችሁትን። ሻጩን አስፈቅዳችሁ በጠዋት፣ በቀትርና ከሰዓት በኋላ ፎቶ አንሡት። ቅርጹን በትኑ፣ ብርሃኑን አንድ አድርጉ፣ ጥላውን ከሥሩ አስቀምጡ። ስትጨርሱ ሌላው ሰው ቀለሙን መለወጥ፣ ብርሃኑን ማዞር እንዲችል ከነሌየሩ አስቀምጡትና ለሥራ ባልደረቦቻችሁ በነጻ ስጡ። ይህን ካደረጋችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የቡና ማሸጊያ ታዝዞ ደንበኛው በር ላይ ሲቆም ከማንም የምታወርዱት ነገር አይኖርም። ጆሮ የሌለው ሲኒያችንንም በትክክል የሳለ ሰው ከመካከላችሁ ይውጣ፤ ሥራውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ጀበናውም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ቀርባችሁ እዩት።